ባለሙያ ሲቀጠር ዋጋና ጥራት እንዴት ይመዘን?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)








እንዲህ ባለው በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ገበያ ትስስር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ሲያዩት አነስ ያለ ይመስላል። ማኅበራት ግንበኛ፣ አናጢ፣ በያጅ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሲቀጥሩ በዋጋና በጥራት መካከል እንዴት ይወስኑ? የሚል ነው።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ባለሙያው ሥራውን ጨርሶ ስለሚሄድ ነው። ሥራው ግን አይሄድም። አርሶ አደሩ ዓመት ሙሉ የለፋበት እህል የሚያድረው ግንበኛው ባቆመው ግድግዳ ውስጥ፣ አናጢው በመታው ቆርቆሮ ሥር ነው። የሚመዘነው ጠጋኙ ባስተካከለው ሚዛን፣ የሚፈጨውም ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በዘረጋው መስመር ነው። በመሆኑም ባለሙያን የመምረጥ ጉዳይ የአንድ ቀን የኮሚቴ ስብሰባ ጉዳይ ሳይሆን የአባላት ሀብት ጉዳይ ነው።

ዋጋው ተነበበ፤ ሥራውስ?

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ማኅበሩ በየትኛውም ቀበሌ ሊገኝ የሚችል ነው። አኃዞቹም ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ እንጂ የአንድ የተለየ ማኅበር ሒሳብ አይደሉም።

አንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር 1,000 ኩንታል እህል የሚይዝ መጋዘን ለማሠራት ወሰነ። ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ብሎኬቱን፣ ብረቱንና ቆርቆሮውን ማኅበሩ ራሱ ይገዛል፤ ባለሙያው የሚቀጠረው በጉልበት ዋጋ ነው። ማስታወቂያ ተለጥፎ ሦስት ባለሙያዎች ዋጋ አቀረቡ። ባለሙያ «ሀ» 180,000 ብር፣ ባለሙያ «ለ» 230,000 ብር፣ ባለሙያ «ሐ» 310,000 ብር።

ሊቀ መንበሩ ዋጋዎቹን በስብሰባ ላይ ባነበቡ ጊዜ አብዛኛው ሰው «ሀ ይሁን!» አለ። ገንዘብ ያዡም ይህንኑ ደገፉ። «የሃምሳ ሺህ ብር ልዩነት እያለ ሌላውን ብንመርጥ ነገ ኦዲተር ሲመጣ ምን እንመልሳለን?» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት አባል እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣ ዋጋውን ሰማን። ሥራውን ግን ማን አነበበልን? ሦስቱም የሚሠሩልን አንድ ዓይነት ሥራ ነው ወይ?»

«እማማ፣ መጋዘን ያው መጋዘን ነው» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ድስትም ያው ድስት ነው፤ የሚያፈስ ግን አለ።»

ቤቱ ሳቀ። ወረቀቶቹም እንደገና ተነበቡ። «ሀ» ያቀረበው ዋጋ መሠረት ማውጣትን፣ ግንብ መገንባትንና ቆርቆሮ መምታትን ብቻ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። አሸንዳ መግጠም፣ ወለሉን ሊሾ ማድረግና ግንበኛው የሚቆምበትን የእንጨት መወጣጫ ማቅረብ በዋጋው ውስጥ የሉም። እነዚህን ለብቻ ለማሠራት ለአሸንዳው 14,000፣ ለሊሾው 16,000፣ ለመወጣጫው 12,000፣ በድምሩ 42,000 ብር ይጠይቃል። ስለዚህ የ«ሀ» እውነተኛ ዋጋ 222,000 ብር ነው። ከ«ለ» ጋር ያለው ልዩነት 50,000 ሳይሆን 8,000 ብር ሆነ ማለት ነው።

በዚህም አላበቃም። «ሀ» ሥራ ሳይጀምር ከዋጋው 60 በመቶ፣ ማለትም 108,000 ብር እንዲከፈለው ይጠይቃል። «ለ» የሚጠይቀው ቅድሚያ ክፍያ 15 በመቶ ወይም 34,500 ብር ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት የሠራቸውን ሁለት መጋዘኖችም ሄዳችሁ እዩ ብሏል። «ሐ» ደግሞ ወረቀቱ ያማረ፣ ማኅተሙ የደመቀ ነው። ሆኖም የሚሠራው ሥራ ከ«ለ» ጋር አንድ ሆኖ ሳለ 80,000 ብር የጨመረበትን ምክንያት ሲጠየቅ ማስረዳት አልቻለም፤ የሚያሳየውም የቀድሞ ሥራ የለውም።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ዋጋ ከዋጋ ጋር የሚነጻጸረው ሥራው አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከማስታወቂያው በፊት የሚሠራውን ሥራ በዝርዝር መጻፍ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ሁልጊዜ ርካሽ እንዳልሆነ ሁሉ ከፍተኛ ዋጋም ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም። ብዙ የጠየቀ ሁሉ ብዙ ያውቃል ማለት አይደለም።

የሚያፈስ ጣሪያ ስንት ያስከፍላል?

የመጋዘን ዋጋ የሚሰላው ባለሙያው በተከፈለው ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም። መጋዘኑ በሚያገለግልባቸው ዓመታት የሚያድነው ወይም የሚያጠፋው እህል አብሮ መሰላት አለበት።

ቆርቆሮው በትክክል ባለመመታቱ በአንድ ክረምት ውሃ ገብቶ ከ1,000 ኩንታል ውስጥ 20 ኩንታል ብቻ ቢበላሽ፣ የኩንታሉ ዋጋ 4,500 ብር ነው ቢባል ጉዳቱ 90,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ካለው የ8,000 ብር ልዩነት ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ ይሆናል። ያውም በአንድ ክረምት።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያልቅም። አርሶ አደሩ በቆሎውን አድርቆ፣ እርጥበቱን ወደ 13 በመቶ አውርዶ ያስገባል፤ ጣሪያውና ወለሉ መልሰው ያረጥቡበታል። የረጠበ እህል ይሻግታል። በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚበቅል አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ የሰውን ጉበት ይጎዳል፣ ከብትንም ይጎዳል፣ በተለመደው አበሳሰል አይጠፋም። ገዢ ነጋዴ ወይም ፋብሪካ መርምሮ ካገኘው ደግሞ ጭነቱን ሙሉ በሙሉ ሊመልሰው ይችላል። ያን ጊዜ የሚጎዳው ሃያ ኩንታሉ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ስም ነው።

ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የሚወድቀው እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ነው።

ባለሙያው ትርፉን ከየት ያገኛል?

ባለሙያም ቤተሰብ አለው፤ ከሥራው መኖር አለበት። ከወጪው በታች የተዋዋለ ባለሙያ የጎደለውን ከአንድ ቦታ መሙላቱ አይቀርም። ከጊዜው ቢያወጣው ይቸኩላል። ከረዳቶቹ ቢያወጣው ሙያውን ያልለመዱ ልጆችን አሰልፎ ይሄዳል። ከማቴሪያሉ ቢያወጣው ሲሚንቶው ይቀንሳል። ከየትኛውም ማውጣት ካልቻለ ቅድሚያ ክፍያውን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ ዋጋ ያወረደ ባለሙያ ሲገኝ ኮሚቴው ከመደሰቱ በፊት «በዚህ ዋጋ እንዴት ትችለዋለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ጥሩ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የአካባቢው ልጅ በመሆኑ የማደሪያና የመጓጓዣ ወጪ የለበት ይሆናል፤ መወጣጫና መሣሪያ የራሱ ይሆናል። ምክንያቱ ከታወቀ ዝቅተኛው ዋጋ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ ሊመረጥም ይገባዋል።

የአከፋፈሉ ዓይነትም የባለሙያውን ጠባይ ይቀይራል። በቀን የሚከፈለው ሠራተኛ ለመቸኮል ምክንያት የለውም፤ ሥራው ግን ሊጓተት ይችላል። በቁርጥ የሚሠራው ቶሎ ለመጨረስ ይጣደፋል፤ ጥራቱን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልጋል። ማቴሪያሉን ችሎ የሚሠራው ደግሞ የቆጠበው ሲሚንቶ ሁሉ የራሱ ትርፍ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም የበለጠ ክትትል የሚፈልገው ይህኛው ነው። ማኅበሩ የትኛውንም ይምረጥ፤ የመረጠው አከፋፈል በየት በኩል ሊያስጎዳው እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

የትኛው ሥራ በዋጋ፣ የትኛው በጥራት?

ሁሉም ሥራ ውድ ባለሙያ ይፈልጋል ማለት የማኅበሩን ገንዘብ ማባከን ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል መለያ አለ። ጉድለቱ ወዲያው የሚታይና በቀላሉ የሚታረም ሥራ በዝቅተኛ ዋጋ ይሰጥ። ጉድለቱ የሚሸፈንና በሚታይበት ጊዜ የረፈደበት ሥራ ግን በጥራት ይሰጥ።

ቦይ መቆፈር፣ ድንጋይና አሸዋ ማጋዝ፣ ግቢ ማጽዳት፣ አጥር ማጠር፣ ግድግዳ ቀለም መቀባት ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ቀለሙ ካላማረ እንደገና ይቀባል።

መሠረት፣ የአርማታ ብረት አጣጣል፣ የጣሪያ ሥራ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታና የሚዛን ጥገና ግን ከሁለተኛው ዓይነት ናቸው። መሠረቱ አፈር ይለብሳል፤ ብረቱ በአርማታ ይዋጣል። የወፍጮ ሞተር ከአቅሙ በታች በሆነ ቀጭን ኬብል ከተገናኘ ኬብሉ እየጋለ ይሄዳል፤ ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ የሚተካ ሠራተኛም እሳትን ጋብዞ ይሄዳል። ሚዛን በኩንታል 1 ኪሎ ብቻ ቢያዛባ በ1,000 ኩንታል ላይ 10 ኩንታል ይዛባል። ያጎደለ እንደሆነ አባሉ ይጎዳል፤ ያበዛ እንደሆነ ማኅበሩ ይጎዳል፤ በሁለቱም መንገድ መተማመን ይጠፋል።

ጥራትን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም

ማኅበሩ የወረዳውን ባለሙያ ድጋፍ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን የወረዳ ባለሙያ በየቀኑ ሊገኝ አይችልም። ከአባላቱ መካከል የተመረጡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የሚከተሉትን በራሳቸው ዓይን መከታተል ይችላሉ።

1. አሸዋው። ንጹሕ አሸዋ በእጅ ሲታሽ እጅን ጭቃ አያስመስልም። በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ አድርጎ በደንብ ነቅንቆ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ከላይ የሚተኛው ደለል ወፍራም ከሆነ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት።

2. ብሎኬቱ። ጠርዙ የሚረግፍ፣ በምስማር ሲፋቅ እንደ ዱቄት የሚሆን ብሎኬት ግድግዳ አይሆንም።

3. ልኬቱ። ለአርማታ 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋ፣ 3 እጅ ጠጠር የተለመደ ድብልቅ ነው። «እጅ» ማለት ግን በአካፋ እየገመቱ መጣል አይደለም። አንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚይዘው ቦታ ወደ 35 ሊትር ያህል ስለሆነ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን አሠርቶ በዚያ መስፈር ይቻላል። ሳጥኑ ርካሽ ነው፤ ክርክርን ያስቀራል።

4. ውሃው። ውሃ ሲበዛ አርማታው ለሠራተኛው ይቀለዋል፤ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። እንደ ሾርባ የሚፈስ አርማታ ሲታይ ዝም መባል የለበትም። የተቦካና መድረቅ የጀመረ ሲሚንቶን እንደገና ውሃ ጨምሮ መጠቀምም አይፈቀድ።

5. ማጠጣቱ። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ ተጠብቆ መቆየት አለበት። ጆንያ አልብሶ ጠዋትና ማታ ማርጠብ በቂ ነው። ይህ ሥራ ከሁሉ የቀለለ፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚረሳ ነው። ማን እንደሚያጠጣ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ማንም አያጠጣም።

6. ቆርቆሮው። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ሲነገር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ጌጅ የሳሳ ነው። ምስማሩ መመታት ያለበት ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ሳይሆን በሞገዱ ጀርባ ላይ፣ ከነጎማው ነው።

7. የሚሸፈን ነገር ሁሉ። መሠረቱ ከመሞላቱ፣ ብረቱም አርማታ ከመልበሱ በፊት ተከታታዮቹ አይተው ይፈርሙ። ካልፈረሙ አይሸፈን።

ባለሙያውን ከመቅጠር በፊት ደግሞ የሠራውን ማየት ነው። አዲስ የጨረሰውን ሥራ ብቻ ማየት አይበቃም፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። ሦስት ወይም አምስት ክረምት ያለፈበትን ሥራ ማየት፣ ግድግዳው መሰንጠቁን፣ ወለሉ መላጡን መመልከት፣ ባለቤቱንም «ጉድለት ሲገኝ ተጠርቶ መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ የማይመጣ ግንበኛም በዓይኑ ብቻ ሊሠራ የመጣ ነውና ይታሰብበት።

ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት የወጡ፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ የያዙ ወጣቶችም በየአካባቢው አሉ። ማረጋገጫው መመዘናቸውን ያሳያል፤ ልምድ ግን በሥራ ላይ ይመጣል። ልምድ ካለው ዋና ግንበኛ ጋር ተጣምረው ቢሠሩ ማኅበሩም የአካባቢው ልጆችም ይጠቀማሉ።

አከፋፈሉ ራሱ ተቆጣጣሪ ነው

ግማሽ ያህል ገንዘብ አስቀድሞ የከፈለ ማኅበር ከዚያ በኋላ የሚኖረው መሣሪያ ልመና ብቻ ነው። ክፍያው ሥራውን ተከትሎ መሄድ አለበት። በምሳሌው የተጠቀሰው የ230,000 ብር ሥራ እንዲህ ሊከፋፈል ይችላል። ለመጀመሪያ 15 በመቶ፣ 34,500 ብር። መሠረቱ ሲያልቅ 25 በመቶ፣ 57,500 ብር። ግድግዳውና ከላይ ያለው ቢም ሲያልቅ 25 በመቶ፣ 57,500 ብር። ጣሪያው ሲያልቅ 20 በመቶ፣ 46,000 ብር። ሊሾውና ማጠናቀቂያው ሲያልቅ 10 በመቶ፣ 23,000 ብር። ቀሪው 5 በመቶ፣ 11,500 ብር፣ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ።

ይህ የመጨረሻው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ባለሙያው እንዲመለስ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሕጉም ከማኅበሩ ጎን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጽናት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ፣ የባለሙያው አድራሻ ካልታወቀ፣ ርክክቡም ቀን ተጽፎ ካልተፈረመ ይህን መብት ማስከበር እጅግ ይከብዳል። ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሚሠራው ሥራ ዝርዝር፣ ማን ምን እንደሚያቀርብ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ አከፋፈሉ፣ ጉድለት ሲገኝ በስንት ቀን እንደሚታረም፣ የሁለቱ ወገኖችና የምስክሮች ፊርማ ካለበት በቂ ነው።

የኮሚቴው ፍርሃት

አሁን ወደ ገንዘብ ያዡ ጥያቄ መመለስ ይገባል። «ኦዲተር ሲመጣ ምን እንመልሳለን?» ያሉት በከንቱ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ የብዙ ሰው ገንዘብ ነው። ዝቅተኛውን ዋጋ ትቶ ሌላውን የመረጠ ኮሚቴ «ምን በልቶ ነው?» መባሉን ይፈራል። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ዋጋ ይመረጣል። መጋዘኑ ሲያፈስ ማንም አይጠየቅም፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ንጹሕ ነው። እህሉ ግን ረጥቧል።

መፍትሔው ፍርሃቱን መናቅ ሳይሆን ለፍርሃቱ መልስ ማዘጋጀት ነው። መመዘኛው ዋጋው ከመከፈቱ በፊት ተጽፎ ይጽደቅ። ለምሳሌ ለዋጋ 50 ነጥብ፣ ለቀድሞ ሥራ 30 ነጥብ፣ ለአከፋፈል ሁኔታና ለዋስትና 20 ነጥብ ተብሎ ሊደለደል ይችላል። ዋጋው ከተከፈተ በኋላ የሚወጣ መመዘኛ ግን ለሰው ተብሎ የተሰፋ ልብስ ይሆናል። ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ዝምድና ያለው የኮሚቴ አባል ዝምድናውን ገልጾ ከውሳኔው ይውጣ። የቀድሞ ሥራ ለማየት የሄዱት ሰዎች ያዩትን ይጻፉ። የተመረጠበትም ያልተመረጠበትም ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ለአባላት ይነበብ።

ኦዲተር የሚጠይቀው «ለምን ርካሹን አልመረጣችሁም?» ብቻ አይደለም፤ «የመረጣችሁበት ምክንያት የት አለ?» የሚል ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጠቅላላ ጉባኤውን የማኅበሩ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ሲያደርገው፣ አባሉ ምክንያት የመጠየቅ፣ ኮሚቴውም ምክንያት የማቅረብ ግዴታ አብሮ ይመጣል። ምክንያቱ በጽሑፍ ያለው ኮሚቴ ሁለተኛውን ዋጋ መርጦ በሰላም ያድራል።

እዚህ ላይ የወረዳ የሥራ ኃላፊዎችም ድርሻ አለባቸው። ማኅበራት ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ እንዲመርጡ ከመጫን ይልቅ የሥራ ዝርዝር በማዘጋጀትና የሚሸፈኑ ሥራዎችን በወቅቱ በማየት ቢያግዙ ድጋፋቸው የሚታይ ይሆናል።

ለባለሙያው የሚገባው ክብር

ዋጋን ብቻ የማየት ልማድ ሌላም ሥር አለው። በአገራችን የእጅ ባለሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው በየስሙ ሲሰደብ የኖረ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም የባለሙያን ድካም አቅልሎ የማየት ልማድ ጨርሶ አልጠፋም። ስለ በሬ ዋጋ ሲከራከር ጥርሱን፣ ሰኮናውንና ትከሻውን የሚያይ ገበሬ፣ ግንበኛ ሲቀጥር ግን ዋጋውን ብቻ ያያል።

ማክበር ማለት የተጠየቀውን ሁሉ መክፈል አይደለም። ሥራውን በግልጽ መንገር፣ ማቴሪያሉን በወቅቱ ማቅረብ፣ የደረሰበትን ክፍያ ሳያጉላሉ መክፈል ነው። ሲሚንቶ ሳይቀርብለት ሳምንት የተቀመጠ ግንበኛ፣ ክፍያ ለመቀበል አሥር ጊዜ የተመላለሰ አናጢ፣ በሚቀጥለው ዋጋው ላይ ያንን ሁሉ ይጨምራል። በሰዓቱ የሚከፍል ማኅበር ግን ጥሩ ባለሙያ በመጠነኛ ዋጋ ያገኛል። ስለዚህ ጥራት ከባለሙያው ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከአሠሪውም ይጠበቃል።

ማጠቃለያ

በምሳሌው የተጠቀሰው ማኅበር በመጨረሻ ባለሙያ «ለ»ን መረጠ። ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ አሰፈረ፤ 5 በመቶውን ያዘ። በመጀመሪያው ክረምት ከመጋዘኑ ጥግ በአንድ በኩል ጠብታ ታየ። ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው በሦስተኛው ቀን ደወሉ፤ ባለሙያው በሳምንቱ መጥቶ ሁለት ቆርቆሮ አንሥቶ መልሶ መታ። እህሉ ከግድግዳው ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ ስለነበር አንድም ኩንታል አልተነካም። መስከረም ላይ የቀረው 11,500 ብር ተከፈለው።

ጥሩ ባለሙያ ማለት ፈጽሞ የማይሳሳት ባለሙያ አይደለም። ጉድለቱ ትንሽ የሆነ፣ ሲጠራም የሚመለስ ባለሙያ ነው። ጥሩ አሠሪም ርካሹን ወይም ውዱን የሚመርጥ ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ጽፎ፣ አይቶ፣ ለክቶ የሚቀጥር ነው። አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ዋጋና ጥራት የሚመጠኑት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።

መጪው ዓመት የምታሠሩት መጋዘን የማያፈስ፣ የምትጠግኑት ሚዛን የማያዳላ፣ የምትተክሉት ወፍጮ የማይቆም ይሁንላችሁ። 

መልካም በዓል!